ሩስክ የተቀመጠበት ምክንያት

ለወንድሜ ለቶርላይቭ፣

አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ጉልበትህ እንዴት ሆነ? ሐኪሙ ያዘዘልህን ጫማ ታደርጋለህ ወይስ እንደ ልማድህ ከነካርቶኑ አስቀመጥከው? የባለቤትህ የማርሴላ ሳል ለቀቃት? እናቷስ እንዴት ሰነበቱ? ልጃችሁ ካሚላ ፈተናዋን ማለፏን ጽፈህልኛል፤ ደስ ብሎኛል፣ ስንት እንዳመጣች ግን አልነገርከኝም። በእኔ በኩል ጆሮዬም ዓይኔም ደህና ናቸው። ደም ግፊቴ ከፍ ብሏል፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች ታገኘዋለህ።

ደብዳቤህ ሐሙስ ደረሰኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው የባሰ አናደደኝ። «የልጁ እንጀራ ነው፣ ተይው» ትለኛለህ። «ደግሞ አንቺ ስለ ውሻ አፍንጫ ምን ታውቂያለሽ?» ትላለህ። ልጅህ ኤይቪንድ ደውሎ የነገረህን ግማሽ ብቻ ይዘህ ነው የጻፍከው። ሌላውን ግማሽ እኔ ልንገርህ፤ ከዚያ በኋላ የምትለውን ትላለህ።

ዳይቫን አታውቃትም። ከሊቱዌኒያ የመጣች ሴት ናት፤ እኔ ባለሁበት የአረጋውያን መኖሪያ አምስት ዓመት ሠርታለች። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እመጣለሁ ካለች አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሬ ይንኳኳል። ለእግሬ ደም ሥር የታዘዘልኝን ጥብቅ ካልሲ የምታለብሰኝ፣ የአሥራ ሁለት ሰዎችን መድኃኒት ከቁም ሣጥኑ አውጥታ የምታድለው እሷ ነበረች። በአምስት ዓመት ውስጥ አንዲት ክኒን አሳስታ አታውቅም። በየወሩ የታመመች እናቷን ለማየት አገሯ ትሄድና ዓርብ በሚገባው መርከብ ትመለሳለች።

ወደቡ ላይ ደግሞ በጉምሩክ ውሻ መንገደኛ የሚፈትሸው ያንተ ልጅ አለ። ቺሊ ስትሄድ እኔ ጋ የተውከው፣ ማንበብ ያስተማርኩት ኤይቪንድ። ውሻው ሩስክ ይባላል። ሩስክ አደንዛዥ ዕፅ ሲሸተው ቁጭ ይላል፤ ቁጭ ሲል ኤይቪንድ የተጠቀለለ ፎጣ ይወረውርለታል። ያ ውሻ ሐሺሽ ቢገኝ ባይገኝ ግድ የለውም፤ የሚወደው ፎጣውን ነው። ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ድረስ ሩስክ ሦስት ጊዜ ዳይቫ አጠገብ ተቀመጠ። በሦስተኛው ጊዜ ከሰው መሀል አውጥተው ልብሷን አስወለቋት፤ የካፖርቷን ገበር በምላጭ ቀደዱት። ያገኙት እናቷ የሰጠቻትን አንድ ማሰሮ እንጉዳይ ነው። በማግስቱ ከተማው ሁሉ አወቀ። የመኖሪያችን ኃላፊ ቶሪል የመድኃኒት ቁም ሣጥኑን ቁልፍ ተቀበለቻትና ነገሩ እስኪጣራ ቤትሽ ቆዪ አለቻት። ሄጄ ስጠይቃት፣ «ወይዘሪት ጉንቮር፣ ምንም እንዳልተገኘባት አውቃለሁ። ግን ውሻ አይዋሽም። ሦስት ጊዜ እኮ ነው የተቀመጠው» አለችኝ።

ስለዚህ ማስታወሻ ደብተሬን ያዝኩና አራት ዓርብ ወደቡ አዳራሽ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሩስክ አሥራ አንድ ጊዜ ተቀመጠ። ሁለቱ እውነት ነበሩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ኤይቪንድ ወደ ሌላ ሰው ሲያመራ ውሻው ገመዱን ስቦ ወደ ኋላ አዞረው። በዘጠኙ ምንም አልተገኘም። በዘጠኙም መጀመሪያ እርምጃውን ያዘገየው ኤይቪንድ ነው። ገመዱን አንድ ዙር እጁ ላይ ይጠቀልላል፤ ውሻው ቀና ብሎ ፊቱን ያየዋል፤ ከዚያ ይቀመጣል። ዘጠኙም ሰዎች ርካሽ ሻንጣ የያዙ፣ ቋንቋችንን የሚሰባብሩ ነበሩ። ሩስክ ሻንጣውን አላሸተተም፤ የጌታውን ፊት ነው ያነበበው።

እሑድ ለምሳ ሲመጣ ይህን ነገርኩት። ሳቀብኝ። «አክስቴ፣ አፍንጫው የሱ ነው እንጂ የኔ አይደለም። አንቺ ደግሞ ውሻ አሳድገሽ ታውቂያለሽ እንዴ? ድመት እንኳ እቤትሽ አልከረመም» አለኝ። ዓሣውን ጨምሪልኝ ብሎ በላ።

እንግዲህ በሰባ ስምንት ዓመቴ ዋሸሁ። ሃልቫርድን ታስታውሰዋለህ፣ አብሮን የተማረውን፤ አሁን ሩቅ ደብር ውስጥ ኦርጋን ይመታል፣ ኤይቪንድም አይቶት አያውቅም። ነገሩን ሳስረዳው፣ «ስልሳ ዓመት መዝሙር ስመታ አንድ ሰው እንኳ ዞሮ አይቶኝ አያውቅም፤ ውሻ ቢያየኝ ምን አለበት» አለኝ። ሐሙስ ዕለት ለኤይቪንድ ደውዬ፣ ግራጫ ባርኔጣ ያደረገና አረንጓዴ ሻንጣ የያዘ ሽማግሌ ነገ በመርከብ እንደሚመጣ፣ ለሰዎች ነገር እንደሚያመላልስ ሲወራ ሰማሁ አልኩት። በማግስቱ ሃልቫርድ ከመርከቡ ወረደ። ኤይቪንድ እርምጃውን አዘገየ። ሩስክ ተቀመጠ። ሻንጣው ሲከፈት የሱፍ ካልሲ፣ አንድ ማሰሮ ሄሪንግ ዓሣና የመዝሙር ኖታ ተገኘበት። ሃልቫርድም፣ «አንተ ልጅ፣ ውሻህ ኖታ ያነባል እንዴ?» ብሎ ጠየቀው።

ማታ ኤይቪንድ እኔ ጋ መጣ። ውሸቴን ነገርኩት፤ ደብተሩንም አሳየሁት። ፊቱ ነጣ። ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠና፣ «አውቄ አይደለም፣ አክስቴ» አለ። አመንኩት፤ አሁንም አምነዋለሁ። በዚህ አልተቆጣሁም። «እንግዲያው ነገ ለአለቃህ ንገረው» አልኩት። «ከተናገርኩ ሩስክን ይወስዱብኛል። በሁለት ዓመት የያዝኳቸውን ሰዎች ጉዳይ ሁሉ ጠበቆች ይቆፍሩታል» አለ። «ዳይቫስ?» አልኩት። «እሷ ሌላ ሥራ አታጣም» አለኝ። እዚህ ላይ ከፊቱ ያለውን ሳህን ሳይጨርስ አነሳሁት።

አንተም እኔም መምህርት ብሬከ ፊት ነው የተማርነው። የተሳሳተ ልጅ ተነሥቶ «እዚህ ላይ ተሳስቻለሁ» ይላል፣ ይቀመጣል፣ ነገሩ ያልቃል። ከባድ ነበር፤ አንተ አንድ ጊዜ አልቅሰህበታል። ነገር ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ባንተ ስህተት ሌላ ልጅ ተቀጥቶ አያውቅም። ይህን ለልጅህ ሳላስተምረው ቀርቼ ከሆነ ጥፋቱ የኔም ነው፣ እቀበላለሁ። አንተ ግን ከዓለም ጫፍ ሆነህ «ተይው» ስትል የቱን ነው የምተወው? የካፖርቷን ገበር እኔ ነኝ መልሼ የሰፋሁላት።

የኤይቪንድ አለቃ ጋ ሄጄ ነበር። ወንበር አልሰጠኝም። «እመቤት፣ የቤተሰብ ጠብ ቢሮዬ አያምጡ። ውሻው የምስክር ወረቀት አለው። ያዡ ራሱ ተሳስቻለሁ ካላለ የማደርገው የለኝም» አለኝ። ቶሪል ደግሞ ከኤይቪንድ አንድ መስመር ከመጣልኝ ቁልፉን በዚያው ቀን እመልስላታለሁ ብላለች። ስለዚህ የዳይቫ ሥራ ያለው ያንተ ልጅ አፍ ላይ ነው። እኔም ለበላይ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ጽፌያለሁ። የደብተሬን ግልባጭ፣ የሃልቫርድን ፊርማ፣ የራሴን ውሸት፣ የኤይቪንድን ሙሉ ስም አስገብቻለሁ። የወንድሜ ልጅ መሆኑንም አልደበቅኩም። መልሱ ሦስት ወር ይፈጃል አሉ። ዳይቫ የክፍሏን ኪራይ የከፈለችው እስከ ገና ብቻ ነው፤ ትናንት ስሄድ መጋረጃዎቿን አውርዳ እያጠፈች አገኘኋት።

ይህን በፈጣን ፖስታ እልከዋለሁ፤ ከበዓሉ በፊት ይደርስሃል። ኤይቪንድ አክስቴ ሸጠችኝ ብሎ ይደውልልሃል። ሲያለቅስ አታባብለው፤ እንጀራህ ነው አትበለው፤ እሷም እንጀራ ነበራት። «ዳይቫ ቤት ሄደሃል?» ብለህ ጠይቀው። ከዳቦ ቤቱ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ነው፣ ያውቀዋል። አልሄድኩም ካለህ፣ ሄደህ ስትመለስ ደውልልኝ በለውና ስልኩን ዝጋ። እኔን ሰምቶ አያውቅም፣ አንተን ግን ቺሊ ከሄድክ በኋላ ሰባት ዓመት ሙሉ ሲጠብቅህ የነበረ ልጅ ነው፤ አንተን ይሰማል።

ማርሴላን ሳምልኝ፤ ለሳሉ የላክሁትን ማር ለእንግዳ አታስቀምጪው በላት። ለእናቷ አክብሮቴን አድርስልኝ። ለካሚላ፣ ነጥቧን ራሷ እንድትጽፍልኝ ንገራት፤ ዝቅተኛም ቢሆን ከሷው መስማት እፈልጋለሁ። ለኤይቪንድ ግን በስልክ ሰላምታዬን አታድርስልኝ። የሱ ሰላምታ እዚህ እኔ ጋ አለ፤ ዳይቫ ቁልፉን በያዘችበት ጠዋት መጥቶ ይወስደዋል።

እህትህ ጉንቮር

ሁልደርሃቭን፣ ኖርዌይ
እሑድ፣ ዲሴምበር 8 ቀን 2019