ማሽኑ የመጣበት ፍራሽ

ሐሙስ፣ ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.
ጋምቤላ

ለምከፍተው ካፌ የገዛሁት የማኪያቶ ማሽን ዛሬ ጠዋት ደረሰ። ከአዲስ አበባ ከተጫነ አራት ቀኑ ነው። ከጎሬ በታች ያለውን ቁልቁለት ባሰብኩ ቁጥር ማሽኑ የሚሰበር እየመሰለኝ ሹፌሩ ጋ ስደውል ሰነበትኩ።

አራት ሰዎች ከአይሱዙው አወረዱት። ገመዱን ፈተን ካርቶኑን ስንቀድ ማሽኑ ሙሉ ፍራሽ ተጠቅልሎበታል። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ኦቻላ «ይሄ ማሽን ከእኛ የተሻለ ተኝቶ ነው የመጣው» ብሎ አሳቀን። እኔ ግን ጥጉ ላይ ያለውን የካውያ ጠባሳ ሳይ ሳቄን ዋጥኩ። ተማሪ ሳለሁ ዩኒፎርሜን አልጋ ላይ ስተኩስ ያቃጠልኩት ነው። የታላቅ ወንድሜ የታምራት የራሱ ፍራሽ ነው።

ታምራት ማሽኑን የጫነልኝ እያጉረመረመ ነው። «ደህና የመንግሥት ሥራ ትተሽ! በዚያ ሙቀት ማኪያቶ ማን ሊጠጣልሽ ነው?» ሲለኝ ነው የከረመው።

ደወልኩለት። «አንተ ምን ላይ ልትተኛ ነው?»

«አርጅቷል፣ ልጥለው ነበር። ማሽኑ ደህና ገባ?»

«አንድ ጭረት የለውም።»

«መቼ ነው የምትከፍቺው?» አለኝ። ይህን ጠይቆኝ አያውቅም።

ገና ውሃና መብራት አልተገጠመለትም፤ እንደሚሠራ በምን አውቃለሁ። ሹፌሩ ሲመለስ ፍራሹን ላድርስለት ቢለኝ ግን እንቢ አልኩ። ልጥለው ነበር ብሎ የለ? ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ። ለምርቃቱ ሲመጣ የሚተኛበት ያስፈልገዋል።