የእማዬ የስፌት መኪና

አባዬ፣

ከዳቦ ቤቱ እስክትመለስ ልጠብቅህ ነበር፤ አውቶብሱ ቀድሞ ሊነሳ ነው ብለው ደወሉልኝ። ምሳህ ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቀው። መድኃኒትህን እህል ሳትቀምስ እንዳትውጥ።

የእማዬን የስፌት መኪና ዘይት ቀብቼ ሸፍኜዋለሁ።

እሷ ካረፈች ወዲህ ዓመቱን ሙሉ ስሰፋ ስፈታ እዚህ ደረስኩ። መጋረጃው ተንጋደደ፤ የትራስ ልብሱ ግን አማረ። አንተ አንዱንም «ጎሽ» አላልክም። ገና መስፋት ስጀምር ኮትህን አንስተህ ትወጣለህ። ድምፁን ጠልተኸው እየመሰለኝ ስንቴ ሆድ ባሰኝ።

ትናንት ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ነገረኝ። ለካ ሩቅ አትሄድም፤ መስኮቱ ሥር ነው የምትቀመጠው። አንድ ቀን ሊያጫውትህ ቢመጣ፣ «ዝም በል እስቲ፣ ሚስቴ እየሰፋች ነው» ብለኸዋል።

ምነው ለእኔ ብትነግረኝ ኖሮ።

የምሄድበትን አዲስ ሥራ ለምጄ ፈቃድ ሲሰጡኝ እመጣለሁ። እማዬ ገዝታ ሳትሰፋው በቀረችው ሰማያዊ ጨርቅ ላንተ ሸሚዝ እሰፋለሁ፤ ከተረፈ ለእኔ ሽርጥ። ያኔ ወንበርህን ወደ ውስጥ አስገባና አጠገቤ ተቀመጥ።

እስከዚያ ግን ቤቱ ጭር ይልብሃል። እሱን ምን እንደማደርገው አላወቅኩም፣ አባዬ።