የወፍጮ ቤት ሰላምታ

ኅዳር 3፣ ማታ 12፡30

ጠዋት ድንጋዩን ወቀርኩ። በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ እንደገና በቆሎ። ዱቄቱ ከቅንድቤ አልለቅ ብሏል። ወፍጮው ከጠፋ አንድ ሰዓት ሆነው፤ ጆሮዬ ግን ወሬው አልደረሰውም፣ አሁንም ጭው ይላል። ባለቤቴ የሺ ሬዲዮውን ቀንስ ትላለች። ምኑን ልቀንስ! ለእኔ ከሹክሹክታ አይበልጥም። አንተ ደብተር፣ ሳልጮህ የማወራው ካንተ ጋር ብቻ ሆነ።

ኅዳር 8፣ እሑድ ረፋድ

ከቤ/ክ አሁን ገባሁ። ማኅሌት ላይ ሁሉም ሲያቆም እኔ ቀጠልኩ። ብቻዬን፣ ዓይኔን ጨፍኜ። ምን ያህል እንደቆየሁ እንጃ። መሪጌታ በመቋሚያቸው ጫፍ እግሬን ነካ አደረጉኝ። ዓይኔን ስገልጥ ሰው ሁሉ እኔን ያያል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ!

በኋላ ለብቻዬ ጠሩኝ። አልተቆጡም። ጆሮህን ታይ አሉ። ኅዳር 21 ለጽዮን ዜማውን የምመራው እኔ ነኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። የማይሆን ከሆነ ቀደም ብለህ ንገረኝ፣ ሌላ ሰው ላዘጋጅ አሉ። ሰባት ዓመት ተምሬ ሌላ ሰው?

ኅዳር 10፣ ፍኖተ ሰላም፣ ሚኒባስ እየጠበቅሁ

ጆሮዬን ያየችልኝ ሐኪም ልጅ እግር ናት፣ ግን ታጋሽ። ከመስማትህ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ግን መጠበቅ ይቻላል አለችኝ። ወፍጮ ቤት ስንት ዓመትህ? 11። ጆሮህ ላይ ምን ታደርጋለህ? ምንም። ለምን?

እንዴት ብዬ ላስረዳት! በእኛ ከተማ፣ ጅጋ ላይ፣ ሰው እህሉን ከማውረዱ በፊት ስለ ቤትህ፣ ስለ ልጅህ፣ ስለ ጤናህ ይጠይቃል። ሞተሩ እየጮኸም ቢሆን ይጠይቃል። ትልቅ ሰው ሲያናግርህ ጆሮህን ደፍነህ መቆም ነውር ነው። ድሮ ጥጥ አደርግ ነበር። አንዲት እናት «ልጄ፣ ድምፄን ተጠየፍኸው?» ብለውኝ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። በዚያው ቀን ጥጡን ጣልኩት። ለአክብሮት ብዬ ጆሮዬን አስበላሁ ማለት ነው። ይህን ስነግራት ሐኪሟ ልትስቅ ብላ ተወችው።

እንደ ስፖንጅ ያለ የጆሮ መድፈኛ ሰጠችኝ። ሞተሩ ሳይነሳ አድርገው፣ ሳይጠፋ አታውጣው አለችኝ።

ማታ 1፡00። ለየሺ ቆሻሻ ነው፣ ታጠበልኝ አልኳት። ለመሪጌታም ይህንኑ ላክሁባቸው። ዋሸሁ። ጽዮንን ለማንም አልለቅም።

ኅዳር 11፣ ምሳ ሰዓት

መድፈኛው ጥሩ ነበር። ሰዉ ግን! አያ ደሴ፣ የድሮ ደንበኛችን፣ ሲያናግሩኝ በእጄ ቆይ የሚል ምልክት አሳየኋቸው። እንደ ዶሮ እሽ ያልኳቸው መሰላቸው። ጆንያቸውን አህያቸው ላይ መልሰው ጫኑና ወደ ታችኛው ወፍጮ ቤት። የወፍጮው ባለቤት እትዬ ዘውዴ አኮረፉ። 5 ሰዓት ላይ አወጣሁት። ጅል ነኝ።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ቦታዬ ላይ ቆምኩ። ዓይኔን አልጨፈንኩም። የመሪጌታን እጅ እያየሁ ጀመርኩ፣ እያየሁ አቆምኩ። ማንም አልነቃብኝም። መሪጌታ እንደውም ፈገግ አሉልኝ። ግን ያ ዜማ አይባልም፤ የትራፊክ ፖሊስ እጅ እንደሚጠብቅ ሹፌር ነው የሆንኩት። ጸናጽሉን ጨርሶ አልሰማሁትም። ሲነቃነቅ አየሁት እንጂ። ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

ኅዳር 14፣ ከሰዓት

አያ ደሴ ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። እውነቱንም ነገርኳቸው፤ ከሰው ሁሉ መጀመሪያ ለእሳቸው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አፌ ላይ መጣ።

«እኔማ ጠገበ ብዬ! ምነው ታዲያ አትናገርም ኖሯል?» አሉ። እኔ ስደብቅ ሰዉ በምን ያውቅ ኖሯል? ከዚያ ሰላምታውን ለምን ደጅ አንጨርሰውም አሉ። አሥራ አንድ ዓመት ይህ አልታየኝም።

ኅዳር 16፣ 11 ሰዓት

ጠዋት ሞተሩን ሳላስነሳ ደጅ ወጣሁ። ሁሉንም በየስማቸው ሰላም አልኩ። ስለ ልጁ፣ ስለ አጨዳው፣ ስለ ሁሉም። ከዚያ ጆሮዬን ደፈንኩ፣ አስነሳሁ። ዘግይቶ የመጣውን አያ ደሴ በሩ ላይ ይዘው ያጫውታሉ፤ ሹመት ያገኙ መስሏቸዋል። እትዬ ዘውዴ ሥራ ዘገየ ብለው አጉረመረሙ። እንግዲያው ሌላ ሰው ይፈልጉ፣ እኔ ከእንግዲህ ጆሮዬን ከፍቼ አልፈጭም አልኳቸው። ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ገረመኝ። ነገም ና አሉኝ።

ለየሺ ነገርኳት። ቆሻሻ አለመሆኑን አውቄዋለሁ አለች።

የቀሩት መሪጌታ ናቸው። ለጽዮን አምስት ቀን ቀረ፤ ሌላ ሰው ለማዘጋጀት ይበቃቸዋል። አሁን ወደ እሳቸው ልሄድ ነጠላዬን ለብሻለሁ። ዜማውን ሌላ ይምራው እላቸዋለሁ። እኔን ከበሮው አጠገብ ያቁሙኝ። እሱን አሁንም እሰማዋለሁ።