የቮልሷ ላሜራ

ከሚሴ፣ ጥር 8 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ፣
ባቲ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ከሱጁድ ሲነሱ ግድግዳ ይዘው ነው፣ ምግብም አይቀምሱም ብላ አክስቴ ዓዲላ ልካብናለች። የባቲ ሙቀት ላልለመደው ከባድ ነው፤ ውሃ እንኳ ይጠጡ። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። እናቴ ደህና ናት። ላሚቷ ወልዳለች፣ ጥጃው ወንድ ነው። ማሽላውም ተወቅቶ ገብቷል። እኔም ትምህርቴን አላቋረጥሁም።

ፊደሉን አተልቄ፣ ቃሉን አራርቄ የጻፍሁት እርስዎ ራስዎ እንዲያነቡት ነው። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ወንድሜ ጀይላን ማታ ማታ «ሀ» እና «ለ» እያለ ሲያስጠናዎት፣ አባቴ መኪና ይነዳል ፊደል ግን ይገለብጣል እያለ ይስቅ እንደነበር ያስታውሳሉ። እባክዎ ይህንን ለሌላ ሰው አያስነብቡት። በፖስታ ያላደረግሁትም ለዚህ ነው። ጎረቤታችን ቃሲም ነገ ጠዋት ለባቲ ገበያ ሲወርድ በእጁ ይዞት ይመጣል። ቃሲም ማንበብ አይችልም።

ባለፈው ሰኞ የላኩት መልእክት ደርሶናል። ቮልሷን ለብረት ገዢ ስጡ፣ ስመጣ ከግቢ እንዳላያት ብለዋል። እናቴም እሺ ብላለች፤ ሐሙስ መጥተው ይወስዷታል። ነገር ግን አክስቴ ዓዲላ ሌላም ነገር ልካለች። ብቻዎን ሲሆኑ፣ ሞተሩን አጥፍቼው ቢሆን ኖሮ፣ ሞተሩን አጥፍቼው ቢሆን ኖሮ ይላሉ አለች። ይህንን የሰማሁ ቀን ነው ልጽፍልዎ የተነሳሁት። ስድስት ጊዜ ጽፌ ስድስቱንም ቀድጃለሁ። ይህ ሰባተኛው ነው።

ቮልሷን በጭነት መኪና አስጭነው ያመጧት ቀን ትዝ ይለኛል። የደሴው የመኒ ነጋዴ ጥሏት ከሄደ በኋላ ዶሮ ሲያድርባት የኖረች፣ ጎማ እንኳ የሌላት ነበረች። የቀበሌው ጥበቃ ሙሄ አጥሩ ላይ ተደግፎ፣ «አባ ጀይላን፣ ኤሊ ገዙ እንዴ? እንቁላል ትጥል ይሆናል» አለዎት። ጀይላን ከሥሯ ሆኖ፣ «ትጥላለች፣ የመጀመሪያውን ለአንተ እንሰጣለን» ሲለው ሙሄ ራሱ ሳቀ። ያኔ ሁላችንም እንስቅ ነበር።

ጀይላን ኮምቦልቻ ጋራዥ ሁለት ዓመት የተማረውን ሁሉ በእሷ ላይ አዋለው። ዋንዛው ሥር አልጋ ላይ እንደ ተኛች በሽተኛ አስተኛት። ሞተሯ በአራት ቡሎን ብቻ የተያዘ መሆኑን ያሳየኝ ጊዜ አላመንሁም ነበር። በክረምት ቦርከና ሲሞላ እንድትሻገር የኋላ እግሮቿን ፈትቶ ከፍ አደረጋት። ከትምህርት ቤቱ በር በተረፈ አረንጓዴ ቀለም ቀባት። የጎደለውን ከሌላ መኪና ያመጣል፣ ያልተገኘውን በላሜራ ቀጥቅጦ ይሠራዋል። ለእኔ የሚሰጠኝ ቡሎን ማጠብ ነበር። አንድ ቀን ትራፓኖ አስይዞኝ ብረት እንድበሳ ፈቀደልኝ፤ የበሳሁት ሁሉ ወደ ግራ ሄደብኝ። «ያ ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ ከመስጊድ ተነስቶ ጠጅ ቤት የሚገባ ቀዳዳ ዛሬ አየሁ» አለኝ። እርስዎም በር ላይ ተቀምጠው ዓይንዎ እንባ እስኪያወጣ ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ሳይነግረኝ ብረት እንዳልነካ አዘዘኝ።

በመስከረም ስሙ በቀበሌው የብሔራዊ ውትድርና ዝርዝር ላይ ሲነበብ እናቴ ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ነበር። የሰማችው ከሴቶች አፍ ነው። ባዶ እንስራ ይዛ ተመለሰች። የጎረቤታችንን የሙሐመድዘይንን ልጆች ያየ ሰው፣ ሁለቱም ወደ ሰሜን ሄደው አንዱም እንዳልጻፈ የሚያውቅ ሰው፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን አይፈርድበትም። ባቲ ድረስ እርስዎ ያደርሱታል፣ ከባቲ ወዲያ የአፋሩ ወዳጅዎ ከግመሎቹ ጋር ወደ ጅቡቲ ያሻግረዋል ተባለ። የሚያስፈራው የኮምቦልቻ ኬላ ብቻ ነበር።

መደበቂያውን በዘጠኝ ቀን ሠራው። እርስዎ ሥራውን ጨርሶ ነው ያዩት፣ እኔ ግን ከመጀመሪያው አይቻለሁ። ከኋላ መቀመጫዋ ጀርባ የዕቃ ጉድጓድ አላት። መቀመጫውን ሁለት ስንዝር ወደ ፊት ስቦ፣ በጉድጓዱና በመቀመጫው መካከል የላሜራ ግድግዳ አቆመ፤ በመቀመጫው ጨርቅም አለበሰው። ሰው ጉልበቱን አጥፎ በጎኑ ይተኛበታል። ከጉድጓዱ በስተኋላ ሞተሩ ነው። በሰውየውና በሞተሩ መካከል የፋብሪካዋ ላሜራ ብቻ ናት።

የጢስ ማውጫዋ ማርሚታ መገጣጠሚያው ላይ ጢስ እንደምታፈስ ያውቅ ነበር። ምትኩን ደሴም ኮምቦልቻም ፈልጎ አጣው። እኔ ስጨነቅ፣ ያቺን የፋብሪካ ላሜራ በጣቱ መታ መታ አድርጎ፣ «ይቺ እስካለች ድረስ ጢሱ ጎረቤቴ ነው እንጂ እንግዳዬ አይደለም» አለኝ። ይህን ቃሉን ይያዙልኝ።

ቁመታችን እኩል ስለሆነ መጀመሪያ የገባሁት እኔ ነኝ። ዘጋብኝ። የያሲንን ሱራ መቅራት ጀመርሁ፤ ግማሹ ላይ ስደርስ ትንፋሽ አጠረኝና ግድግዳውን መታሁ። ወጥቼ፣ ይህ ቀብር ነው፣ አየር የለውም፣ በመቀመጫው በኩል ትንሽ ቀዳዳ እናብጅለት አልሁት። የወታደር ባትሪ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው ብሎ እምቢ አለ። «ሦስት ሰዓት መቻል ያቃተው ሰው ጅቡቲ ገብቶ ምን ሊሠራ ነው?» አለ። እየሳቀ ነው ያለው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲበላም ሲተኛም የማየው እዚያ ውስጥ ትንፋሽ አጥሮት ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ጀይላን አያታችንን ሊሰናበት ጨፋ ሮቢት ሄደ። እርስዎ በርበሬውን ሊያመጡ ወጥተው ነበር። እናቴ ለቅሶ ቤት ነበረች። ግቢው ውስጥ የነበርነው እኔና ቮልሷ ነን። ትራፓኖው ከሳጥኑ ላይ ተቀምጧል። አባቴ፣ ስለ ቅዳሜ ከዚህ በላይ ልጽፍ ሞክሬ ነው ስድስቱን ወረቀት የቀደድሁት።

ሰኞ ጠዋት ሁለቱን ጆንያ በርበሬ መቀመጫው ላይ ስንጭን፣ ፈታሽ በርበሬ ሲያሸት አያመራምርም ብሎ የመረጠው እሱ ነው። ኬላ ላይ ሞተሩን እንዳያጠፉ ያዘዘዎትም እሱ ነው። ባትሪዋ ደካማ ናት፣ ከጠፋች አትነሳም፣ ወታደሮቹ ገፍተው እናስነሳልዎ ካሉ ክብደቷ ያጋልጠናል አለ። እናቴም እኔም ሰምተናል። እርስዎ ያደረጉት የነገረዎትን ነው።

ግድግዳውን የዘጋሁበት እኔ ነኝ። ሞተሩ ተነስቶ ነበር። ከመዝጋቴ በፊት፣ ትንሽ ንፋስ ቢጤ ይነካኛል፣ ከወዴት ነው አለኝ። አላህ ልኮልህ ይሆናል አልሁት። ደስ ብሎኝ ነበር አባቴ። መኪናዋ አስፋልቱ ላይ እስክትሰወር ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ያየሁት አይደለም። ለእናቴ ሲነግሯት ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ የሰማሁት ነው። ኬላው ላይ ብዙ እንዳቆሙዎት፣ በርበሬው እያስነጠሰዎት መስኮቱን ከፍተው እንደተቀመጡ፣ ካለፉ በኋላ እንደ ቃልዎ ሦስት ጊዜ ግድግዳውን እንዳንኳኩ፣ መልስ ሲያጡ ደግሞ፣ ቀልዱን ነው ብዬ ሳቅሁ ብለው እንደተናገሩ ሰምቻለሁ። በዚያው መደበቂያ፣ በዚያው ኬላ በኩል ይዘውት እንደተመለሱም ሰምቻለሁ። ለምን ገበያ ሳትደርስ ተመለስህ ሲሉዎት ገበያው ቀዝቅዟል አልኋቸው አሉ። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን መንገድ እርስዎ ሆኜ ስነዳው ነው የሚነጋው።

ለሰው ወባ ነው አልን። ጨፋ አካባቢ ወባ ማንንም አያስጠይቅም። ሙሄ ቀብሩ ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆሞ፣ መጨረሻ ላይ የመጥሪያውን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ቀደደው። «እንቁላሉን ሳይሰጠኝ» ብሎ ዞር አለ። ያን ቀን ነው ያለቀስሁት።

ገላው ሲታጠብ ውሃ የማቀብለው እኔ ነበርሁ። እርስዎ አልገቡም። ከንፈሩ ቀይ ነበር፤ የጥፍሩ ሥር፣ የእጁ መዳፍም ቀልቶ ነበር። የሚያጥቡት ሼህ ሱብሐነላህ፣ ይህ ኑር ነው፣ ልጁ ሸሂድ ነው አሉ። ለእናቴም ነገሯት። ኢልመ ኮ፣ ልጄ ፊቱ በርቶ ሄደ እያለች እስከ ዛሬ የምትጽናናው በዚያ ነው። ሱብሒ ሰግዳ ያንኑ ትላለች፣ ከዚያ ተነስታ ላሚቷን ታልባለች።

በኅዳር፣ እርስዎ ከአርባው ሰደቃ በኋላ ወደ ባቲ በሄዱ በሳምንቱ፣ የኬሚስትሪ መምህራችን ስለ ከሰል ጢስ አስተማረን። በር ዘግተው ከሰል አንድደው የተኙ ሰዎች ሳያውቁት እንዴት እንደሚያልፉ፣ ደማቸው እንደሚቀላ፣ አስከሬናቸው የተኛ ሰው እንደሚመስል ነገረን። የመኪና ጢስም ያው ነው አለ። ሌሎቹ ደብተራቸው ላይ ይጽፉ ነበር። እኔ ውጭ ልውጣ ብዬ ፈቃድ ጠየቅሁ።

የሞተር ሙቀት የገደለው ሰው እንደዚያ አይሆንም አባቴ። ኬላ ላይ መቆምዎም አይደለም። ላሜራዋ ጀይላን እንዳያት ሆና ቢሆን ኖሮ፣ እስከ ማታ ቢያቆሙዎትም ላብ አጥምቆት፣ ውሃ ስጡኝ እያለ ይወጣ ነበር። እርስዎ ሞተሩን ባለማጥፋትዎ የሆነ ነገር የለም። ይህንን በልቤ ያሰብሁት አይደለም፣ በዓይኔ ያየሁት ነው።

ትናንት እናቴ ገበያ ስትሄድ አራቱን ቡሎን ፈትቼ ሞተሯን ብቻዬን አወረድሁ። እግሬ ላይ ልትወድቅ ትንሽ ቀርቷት ነበር። ያቺን የፋብሪካ ላሜራ በመጋዝ ቆርጬ አወጣኋት። በሞተሩ በኩል ያለው ፊቷ ጠቁሯል፣ ያ የሚጠበቅ ነው። በጀይላን በኩል ያለው ፊቷም ጠቁሯል። ብረት ገዢው ሳያያት፣ ማንም ሳያያት እርስዎ እንዲያዩዋት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያታለሁ። በጀይላን የሥራ ሸሚዝ ጠቅልያታለሁ። ቃሲም የሚበየድ ዕቃ መስሎታል።

ሸሚዙን ሲፈቱ ወደ ፀሐይ አቅንተው ይያዟት። ቀዳዳዎቹ ሃያ ሁለት ናቸው። ሁሉም ወደ ግራ ይሄዳሉ።

ለእናቴ አልነገርኋትም። ንገራት ካሉኝ እነግራታለሁ፤ ግን ያን ኑር ከወሰድሁባት ጠዋት ተነስታ ላሚቷን የምታልብ አይመስለኝም። እርስዎ ግን ወደ ቤትዎ ይመለሱ። በእናቴ ጎን ባዶ መደብ አይሁን። ሐሙስ ቮልሷ ትሄዳለች፣ ዋንዛው ሥር የፈሰሰውን ዘይት አፈር አልብሼ እቆያለሁ። የጀይላንን መሣሪያ ሁሉ አጥቤ ሳጥኑ ውስጥ አስገብቻለሁ፣ ከትራፓኖው በቀር። እሱን ቦርከና ውስጥ ጣልሁት።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ሲመለሱ እኔን ከቤት ማየት የማይችሉ ከሆነ አያታችን ዘንድ እሄዳለሁ፤ ከብት መጠበቅ እችላለሁ፣ ትምህርቱንም እተወዋለሁ። ይህንን በቃል ለመላክም ሆነ ለመጻፍ አይቸገሩ። እንዳላይህ ካሉ ላሜራዋን በዚያው ሸሚዝ ጠቅልለው ለቃሲም መልሰው ይስጡት። ካስቀሯት ግን እጠብቅዎታለሁ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አስፋልቱ ዳር ቆሜ የቃሲምን እጅ አያለሁ።

አላህ ጉልበትዎን ይመልስልዎ። ያላጠፉትን ጥፋት ከልብዎ ያውጣልዎ። ለወንድሜ ቀብሩን ያስፋለት፣ አየሩንም ያብዛለት። ለአክስቴ ዓዲላ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ፣ እባክዎ ሾርባ እንኳ ስትሰጥዎ እምቢ አይበሏት።

ወሰላሙ ዐለይኩም።

ታናሹ ልጅዎ