የቀሩት ሁለት ሹካዎች

ለምወድሽ እህቴ ለውባለም ለማ
ስዊዘርላንድ

ውቤዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ብርድ በገባ ቁጥር የሚይዝሽ ሳልስ ተወሽ ወይስ አሁንም ይመላለስብሻል? ባልሽ ሬቶስ ደህና ነው? በረዶው ጉልበት ደረሰ ብለሽ የጻፍሽውን ለሰፈሩ ሁሉ አንብቤላቸው፣ በላብ የምንጠመቀው ሁሉ ቀንተንብሻል። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬም አባባም ደህና ናቸው። ታናሻችን ሚኪያስ ቁመት ጨምሯል፤ ልብ ግን ገና አልጨመረም።

ሰላምታው ለጊዜው ይብቃና ወሬውን ልጀምር፤ ከደስታዬ ብዛት ከየት እንደምጀምር ጠፍቶኛል። መጨረሻውን አሁኑኑ ዘርግፌ ብነግርሽ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን የቀረውን ሳታነቢ ስልክ ልትደውዪ ነው። ስለዚህ ታገሺ። ወረቀቱን ገልብጠሽ ታች ታች ያለውን ብታዪ ግን አልምርሽም!

በሰው በላክሽልን ሻንጣ ውስጥ ባገኘሁት ወረቀት «እማዬ እሺ ካላለች ለፋሲካ አልመጣም፤ ሬቶን ይዤ ደጇ ላይ ቆሜ ፊቷን ብታዞርብኝ አልችለውም» ብለሻል። አንብቤ አለቀስኩ። ምን ላድርግ ብዬ ተጨነቅሁ። እማዬን ታውቂያታለሽ። ሽማግሌ ሳይላክባት፣ አንድ ሰው ደጇን ሳይረግጥ፣ ልጇ ማዘጋጃ ቤት ፈርማ ማግባቷን በስልክ ከሰማች ወዲህ «የዚያን ቤት እህል አልቀምስም» እንዳለች ነው። ያንን ሁሉ ብስኩት ስትልኪ ለጎረቤት አድላ ጨረሰችው። የላክሽላት ሹራብ እንደታሸገ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ በእርግጥ ለሸዋ ሮቢት ሹራብ መላክሽ ያንቺም ጥፋት አለበት። ስምሽ ሲነሳ ግን እጇ ላይ ያለውን ሥራ ታቆማለች። ሌላው ባያየው እኔ አያለሁ።

ሻንጣውን ያስያዝሽው ሰለሞን ያደረሰልን ከጥምቀት በኋላ ነው፤ ቀኑ ደግሞ ዓርብ! ቤት ሙሉ አይብና የወተት ቸኮሌት ይዘን በጾም ቀን ተፋጠን ተቀመጥን። ቸኮሌቱ እስከ ደብረ ብርሃን ጨዋ ሆኖ መጥቶ፣ ጣርማበርን ወርዶ የኛ ቆላ ሲቀበለው ነው መሰለኝ፣ ስንከፍተው ወረቀቱ ውስጥ ወጥ ሆኗል። ሚኪያስ «ይኼማ ተሠርቶ ነው የመጣው» አለ። አይቡን እትዬ አሪፋ ሱቅ ወስደን ማቀዝቀዣው ውስጥ ከለስላሳው ጠርሙስ መሃል አስተኛነው። ደንበኛ ሁሉ ሳሙና እየመሰለው ዋጋውን ሲጠይቃት ዋለ አሉ። ማቀዝቀዣ አውሰውን ሳንጋብዛቸው ነውር ነውና እሷንና ባሏን ጋሼ አብዱልመጂድን ለእሑድ ጠራናቸው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሥራ ጀመርኩ። በሻንጣው የላክሽውን የአይብ ማቅለጫ ድስት ስጠርገው አዲስ ሙሽራ መሰለኝ፤ እነዚያን እጀታቸው በየቀለሙ የሆኑ ረዣዥም ሹካዎች ደግሞ አባባ አንድ በአንድ እያነሱ «ለጥርስ ነው ለጆሮ?» ይላሉ። ነጭ ወይን ጠጅ ጨምሪበት ብለሽ የጻፍሽውን ዘለልኩት። እነጋሼ አብዱልመጂድ እንዴት ብለው ይቀምሱታል? በወይን ጠጁ ፋንታ ወተት አደረግሁ። አይብሽን ፈቅፍቄ፣ ድስቱን ከሰል ላይ ጥጄ፣ ማማሰያዬን ይዤ ስጀምር እንደ ክር እየተሳበ መጣልኝ፤ እልል ልል ትንሽ ቀረኝ።

እማዬ በዚያ ሁሉ ጊዜ እዚያው ማድቤት ጥግ ላይ ናት። ጀርባዋን ሰጥታን ምስር ትለቅማለች። ዘወር ብላም አላየች። ያን ቀን ያን ምስር እንደለቀመችው ማንም ምስር ለቅሞ አያውቅም።

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። ድስቱን ሳየው ለዚያ ሁሉ ሰው የሚበቃ አልመሰለኝም። እንግዳ ጠርቶ ማሳነስ ደግሞ ውርደት ነው። አይብ እንደሆነ አይብ ነው ብዬ ከገበያ የገዛነውን የኛን አይብ አንድ ሳህን ሙሉ ገለበጥኩበት። ውቤ፣ የኛ አይብ እኮ አይቀልጥም! እሳት ሲነካው ይብስ ይጠነክራል። ያንቺው ሲለሰልስ የኛው ጠጠር እየሆነ መጣ፤ ቅባቱ ለብቻው ወጥቶ ከላይ ተንሳፈፈ። ደንግጬ ከሰሉን አራገብኩት፤ ታችኛው ደግሞ መያዝ ጀመረ። እንግዶቹ በር ላይ «ቤቶች!» ሲሉ እኔ ማማሰያዬን ይዤ አለቅሳለሁ።

ያኔ ከኋላዬ «በስመ አብ! አንቺ ልጅ፣ ወተት ታቃጥያለሽ?» የሚል ሰማሁ። እማዬ ምስሩን እንደያዘ ሰፌዱን ወዲያ አድርጋ ተነሳች። «ዞር በይ!» አለችኝ፤ ዞር አልኩ። ድስቱን ብድግ አድርጋ ከእሳቱ አወረደች። ጠጠር ጠጠሩን በጭልፋ እየለቀመች አወጣች። ቅባቱን ቀነስ አደረገች። የበቆሎ ዱቄት በቀዝቃዛ ወተት አስበጠበጠችኝና ጠብ ጠብ እያደረገች ትመታው ጀመር። ክንዷን ታውቂው የለ! ከሰሉን አመድ አልብሳ መልሳ ጣደችው። ያ የተበታተነ ነገር ተሰብስቦ ወዙ ተመለሰ።

ከዚያስ? ከዚያማ እማዬ ወጥ ስትሠራ ዕድሜ ልኳን እንደምታደርገው፣ ሳታስበው ከማማሰያው መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ላሰችው።

አባባ በር ላይ ቆመው እንግዶቹን ግቡ ማለቱ ጠፋባቸው። እማዬም ምን እንዳደረገች የገባት መዳፏን ካየች በኋላ ነው። ከዚያ ለማንም ሳይሆን ለድስቱ የምትናገር ይመስል «ጨው አብዝተውበታል» አለች፤ ትንሽ ቆይታም «ወተቱ ግን ያልተጎዳ ላም ወተት ነው» አለች። ቶሎ ብዬ አይቡ ከሬቶ አባት ላሞች መሆኑን፣ አባቱ እንደኛ ገበሬ መሆናቸውን፣ ላሞቹን በየስማቸው እንደሚጠሩ ነገርኳት። «ገበሬ ናቸው?» አለች። ይኼን ሁሉ ዘመን አንድም ቀን የማን ልጅ ነው ብላ ጠይቃ አታውቅም፤ እኛም ፈርተን ነግረናት አናውቅም።

ከዚያ ወዲያ የነበረውን አበላል ብታዪ! ድስቱን መሃል አድርገን ከበብነው፤ ቁራሽ ዳቦ በሹካ እየወጋን የቀለጠው አይብ ውስጥ እንነክራለን። እማዬም «እንግዳ ብቻውን አይበላም» በሚል ሰበብ ተቀመጠች። አባባ በሹካው ሊያጎርሱኝ ሲሉ ከንፈሬን ወጉኝ፤ ሹካውን ጥለው በእጃቸው ቢሞክሩ ጣታቸው ተቃጠለ። እትዬ አሪፋ ቢስሚላህ ብላ አንዴ ቀመሰችና ዝም አለች፤ የምትወደው ምግብ ሲሆን አታወራም። ከዚያ ዳቦው ድስት ውስጥ የወደቀበት ሰው የታዘዘውን ይፈጽማል ብለሽ የጻፍሽውን ደንብ አነበብኩላቸው። አንብቤ ሳልጨርስ የጋሼ አብዱልመጂድ ዳቦ ጠለቀ። ሚኪያስ ዝፈኑ ሊላቸው ሲል አባባ ቀደሙት። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው «አብዱልመጂድ፣ ትእዛዜ ይኼ ነው። ለዚያ ለሩቁ ልጅ ሽማግሌ ሁንለት። እዚህ የሚልከው ዘመድ የለውም» አሉ።

ጋሼ አብዱልመጂድ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «ኢንሻአላህ፣ እሆናለሁ። ደስ እያለኝ!» አሉ፤ ወዲያውም ሹካቸውን እንደያዙ ወደ እማዬ ዞሩ። እማዬ ግን ማን ናት! «ሹካ ይዞ ሽምግልና የለም። በሥርዓቱ ትመጣላችሁ» አለቻቸው። ትመጣላችሁ! አትምጡ አላለችም እኮ ውቤ! ለካ መልሶ የረጋውን ቸኮሌት ጠዋት ፀሐይ ላይ ረስቼው ኖሮ እሳት ሳያይ ቀልጦ ጠበቀኝ። በሙዝ፣ በፓፓያና በብርቱካን እየነከርን በላነው። አባባ ሙዝ ይኼን ያህል ዘመን ያለ ቸኮሌት መበላቱ ግፍ ነው ብለዋል።

ዛሬ ጠዋት መጡ። ጋሼ አብዱልመጂድ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ የነፍስ አባታችንን ይዘው፣ በራችን ላይ ቆሙ። ተቀመጡ ቢባሉ «የመጣንበት ካልተፈጸመ አንቀመጥም» አሉ። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አንድም ቀን ሹካ አብራቸው እንዳልያዘች ሆና «የማን ልጅ ነው? ዘሩ ምንድን ነው? ቤተሰቦቹ እንዴት ያሉ ሰዎች ናቸው?» ብላ ጠየቀች። ጋሼ አብዱልመጂድም «እትዬ ፋናዬ፣ የላም አርቢ ልጅ ነው። የቤታቸውን ወተት ደግሞ እርስዎ ራስዎ ቀምሰውታል፤ ከዚህ በላይ ምን ምስክር እናምጣ?» አሏት። እማዬ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ስትስቅ ነው ብዬ ነበር፤ ቀና ስትል ግን ዕንባዋ ይወርዳል። «ሰጥቻለሁ» አለች። «ተቀመጡ፤ ቆማችሁ ደከማችሁ።»

እንግዲህ ትኬትሽን ቁረጪ! ሬቶንም ከወዲሁ ሙቀት አለማምጂው። ጋሼ አብዱልመጂድ የቤታችንን አማች ሳይሆን «ልጄን» ሊቀበሉ አዲስ አበባ ድረስ እሄዳለሁ እያሉ ነው።

አባባ፣ ጣታቸው እንደዳነ ንገሪልኝ ብለው ሰላም ይሉሻል። ሚኪያስ ቸኮሌት እንዳትረሺ ይልሻል፤ የረሳውን ሰላምታ እኔ ጨምሬበታለሁ። እትዬ አሪፋ ማቀዝቀዣዋ ባዶ ሆኖ እንደሚጠብቅሽ ትላለች። እኔም ታናሽሽ በናፍቆት አንገትሽን አቅፌ እስምሻለሁ፤ ሬቶንም ሳሚልኝ።

እማዬ እስከ ዛሬ በደብዳቤዬ ሰላምታ ልካልሽ አታውቅም። አሁን አጠገቤ ተቀምጣ የምጽፈውን ትጠባበቃለች። ያን እሑድ ስንበላ ያልተነኩ ሁለት ሹካዎች ነበሩ፣ ቀይና ሰማያዊ። ሚኪያስ ሰማያዊውን ሲያነሳ እጁን መታ አድርጋ ነጠቀችው። በሹራብሽ ጠቅልላ ሳጥኗ ውስጥ ቆልፋባቸዋለች። እንዲህ ብለሽ ጻፊላት ትለኛለች፦ «ቀዩ የሷ ነው፣ ሰማያዊው የሱ። ታጥበው ተቀምጠዋል።»

እህትሽ ሳምራዊት ለማ
ሸዋ ሮቢት
ጥር 24 ቀን 2001 ዓ.ም.