ከሀያቱ ጋር በኩታ ጫፍ ታስሬ

ዓርብ፣ ጥር 9

ገበያው ቀዝቀዝ ብሏል። እስከ ስድስት ሰዓት የሸጥኩት ሁለት አንሶላ ብቻ። ከዚያ አንዋር መስጊድ አዛን አለ። ጎረቤቴ ሀያቱ የላሜራ በሩን ጓ አድርጎ ዘጋ፣ ቁልፉን ሁለቴ አዙሮ በፊቴ አለፈ። ዞር ብሎም አላየኝ። ድሮ በርጩማውን በሩ ላይ ጋደም አድርጎ "ዜማ፣ እያት" ብሎኝ ነበር የሚሄደው። አሥራ አራት ዓመት እንደዚያ... የሱን ሱቅ ዓርብ እኔ፣ የኔን በክብረ በዓል እሱ ይጠብቅ ነበር። ከኅዳር ወዲህ ቀረ።

ከሰዓት ጋሼ ውብሸት የሚባሉ ሽማግሌ መጡ። ጡረታ እስኪወጡ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ይሠሩ ነበር። ሠላሳ ሜትር አቡጀዲ ፈለጉ። ለምን ብላቸው "የድሮ ሰው እየሆንን ነው" አሉኝ። እሑድ እሑድ በእድራቸው አዳራሽ ተሰብስበው የጥንቱን ሙግት እንዳለ ይሠሩታል። ልብሱን ለብሰው፣ ዘንግ ይዘው፣ "በላ ልበልሃ" እየተባባሉ። ድምፅህ ደህና ነው፣ ና አሉኝ። ሳቅኩ። የሃምሳ ዓመት ሰው ምን ሆኖ?

እሑድ፣ ጥር 18

ሄድኩ! አስናቀች ጋሼ ውብሸት የሰጡኝን ሰፊ የአቡጀዲ ሱሪ ለብሼ ስታየኝ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሚስት ናት፣ ትሳቅ።

ኩታ ሲሰጡኝ ሳላስበው ከአፍንጫዬ እስከ ጣቴ ዘርግቼ ለካሁት። ዘንጉንም እንደ ሜትር መሃሉን ያዝኩት። ጋሼ ውብሸት "ልትከራከር ነው ልትሸጥ?" አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ለዳኛ እንዴት እንደሚያደገድጉ፣ ዘንጉ እንዴት መሬት እንደሚመታ፣ በቅሎ እንዴት እንደሚወራረዱ አሳዩኝ። ቀኑን ሙሉ ደንበኛ ስጠራ የምኖር ሰውዬ ድምፄ እንደዚህ እንደሚወጣ አላውቅም ነበር። እንዴት ደስ እንዳለኝ! የራሴ ዘንግ መግዛት አለብኝ።

እሑድ፣ ጥር 25

ስገባ ሀያቱ ቁጭ ብሏል። ልመለስ ነበር። ጋሼ ውብሸት አቡጀዲ ሲጎድላቸው እሱ ጋ ሄደው፣ እሱንም ጠርተውታል። መጣላታችንን በምን ይወቁ?

ይባስ ብሎ ደግሞ "ጎረቤታሞች ናችሁ፣ ትግባባላችሁ" ብለው እሱን ከሳሽ፣ እኔን ተከሳሽ አደረጉን። ድሮ ባለጉዳዮች ዳኛ ፊት እስኪደርሱ እንዳይጠፋፉ በልብሳቸው ጫፍ ይታሰሩ ነበር። ቁራኛ ማለት ያ ነው። የሱን ኩታ ጫፍ ከኔ ጋር ጥብቅ አድርገው ቋጠሩና እስከ በሩ ደርሳችሁ ተመለሱ አሉን። እኔ ፈጣን ነኝ፣ እሱ ጉልበቱን ያመዋል። መሃል ላይ ኩታው ተወጠረ።

"ቀስ በል" አለኝ።

በሁለት ወር ከምናምን የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል። ቀስ አልኩ።

ረቡዕ፣ ጥር 28

እዚህ ላይ እንኳን ልጻፈው። ለአስናቀችም አልነገርኳት።

ኅዳር ውስጥ፣ አንድ ዓርብ። ሀያቱ ሶላት ሄዷል፣ ሱቁ በኔ እጅ ነው። ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ የመጣች ነጋዴ ለመጋረጃ የሚሆን አረንጓዴ ጨርቁን አየች። ብዙ ሜትር ነው የምትፈልገው። እኔ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ አልሸጥኩም። "ቀለሙ ይለቃል" አልኳት። ከኔ ገዝታ ሄደች።

በሳምንቱ ራሷ ነገረችው። ሱቄ ድረስ መጥቶ፣ ድምፁን እንኳን ሳያነሳ፣ ብለሃል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ አላልኩም አልኩ። ጨርቁን ተወው... ያ "አላልኩም" ነው ሆዴ ውስጥ የቀረው። ያኔ ብያለሁ ብለው ምን ነበረበት? ተቆጥቶ ይወጣለት ነበር። አሁንማ በየት በኩል ልጀምረው?

እሑድ፣ የካቲት 2

ጉዳያችን ተጽፎ መጣ። ሀያቱ በቅሎውን አደራ ሰጥቶኝ ዘመቻ ይሄዳል፣ እኔ ሸጬ እበላታለሁ፣ ሲመለስ እክዳለሁ። በሁለት ምስክር ይረታኛል። ጋሼ ውብሸት የጻፉት ከጭንቅላታቸው ነው፣ የኛን ነገር አያውቁም።

ዘንጌን መትቼ ካድኩ። "መካድ ያውቅበታል" ብለው አመሰገኑኝ። ሀያቱ መሬት መሬት ያያል።

ዓርብ፣ የካቲት 14

ዛሬም በሩን ዘጋ። ከነገ ወዲያ ሰው ፊት እንቀርባለን። እቀራለሁ ብዬ ልደውል ስልኬን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

እሑድ፣ የካቲት 16

ሰፈሩ ሁሉ እድሩ ግቢ ወጥቶ ቆመ። እኔና ሀያቱ ታስረን ጠበቅን፣ ዳኛው የለም። ዳኛ የሚሆኑት ሰውዬ ታክሲ አጥተው ቀርተዋል። ጋሼ ውብሸት ግን አልደነገጡም። ድሮ ዳኛ ከጠፋ መንገደኛም ይዳኝ ነበር አሉና፣ በበሩ የሚያልፉትን እትዬ ምስራን "በሕግ አምላክ!" ብለው አስቆሙ። እትዬ ምስራ አንዋር ጀርባ በርበሬ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ዳኛ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ሀያቱ ከሰሰ። ድምፁ እንደዚያ ሲያምር ሰምቼ አላውቅም። እኔ ዘንጌን አንስቼ ወደፊት ስል፣ እትዬ ምስራ ወጉን አያውቁትም፣ በእጃቸው አስቆሙኝ።

"ቆይ፣ አትጩህብኝ። አደራውን ተቀብለሃል ወይስ አልተቀበልክም?"

የምለው በቃሌ ነበር። አፌ ላይ ነበር። ሀያቱ ቀና ብሎ አየኝ። ዘንጌን አወረድኩ።

"ተቀብያለሁ" አልኩ። "በልቼዋለሁ። ሲጠይቀኝም ዋሽቻለሁ።"

ጋሼ ውብሸት ከጀርባዬ ጽሑፉ ላይ እንዲህ አይልም ብለው አንሾካሾኩ። ምስክሮቹ ምን ያድርጉ? ግራ ገብቷቸው ቆሙ። እትዬ ምስራ በቅሎዋ የት አለች ብለው ጠየቁ፣ የለችም አልኩ። ተነሱና ዘንቢላቸውን ያዙ። "እንግዲያ እኔ አልፈታችሁም። እንደታሰራችሁ ወደ ቤታችሁ ሂዱ፣ ሲሆንላችሁ ራሳችሁ ትፈቱታላችሁ።" ሰው አጨበጨበ።

እውነትም ታስረን ወጣን። ከእድሩ እስከ ሱቃችን፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል። ተሸካሚዎች "ሙሽሮች፣ መንገድ!" ይላሉ። በሱ እርምጃ ሄድኩ። በራችን ጋ ስንደርስ ቆመ።

"ቀለሙ እንደማይለቅ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር። ይቅር በለኝ ሀያቱ።"

ወደ ቋጠሮው ጎንበስ አለ። ቋጠሮው ስንጓተት ጠብቋል፣ በአንድ ሰው እጅ አይፈታም። እኔ ያዝኩ፣ እሱ በጥርሱ ሳበው። ከዚያ ኩታውን አጣጥፎ ሄደ። ቤት ገብቼ ለአስናቀች ሁሉንም ነገርኳት። እኔስ ብሆን ይቅር እለው ነበር? እንጃ።

ዓርብ፣ የካቲት 21

ስድስት ሰዓት ላይ የላሜራውን ድምፅ ጠበቅኩ። አልመጣም። ወጥቼ ሳይ በርጩማው በሩ ላይ ጋደም ብሏል። ሀያቱ ምንጣፉን ብብቱ ስር ይዞ መንገዱን ጀምሯል። ዞር ሳይል፣

"ዜማ፣ እያት" አለ።

እሺ ማለቴን እንጃ። የራሴን ሱቅ ትቼ እዚያው በሩ ላይ ቆምኩ። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ሴት መጣች። ያንኑ አረንጓዴ ጨርቅ በጣቷ አሸት አሸት አደረገችና ቀለሙ ይለቃል ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

አይለቅም አልኳት። ስድስት ሜትር ለክቼ ቆረጥኩላት።