ለአባባ ያደስናት መኪና

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ እማዬ ካረፈች ወዲህ እንደ እናትም ለምቆጥርሽ፤

እንደምን ከርመሻል እህት ዓለም? ያ የወገብሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ ዛሬም እንደ ቤት አከራይ እየመጣ ያንኳኳል? ባለቤትሽስ እንዴት ነው? ልጆችሽ ቁመታቸው ካንቺ አልፏል ብለሽኝ ነበር፤ እስቲ ክፉ አይንካቸው። ሥራሽስ? ያቺ ምንም የማያስደስታት አለቃሽ አሁንም አለች? እኔ፣ ባለቤቴና ትንሿ ልጄ በአካል ደህና ነን፤ እንበላለን፣ እንተኛለን፣ ለሥራ እንወጣለን። አባባም በሕይወት አሉ። ከዚህ አልፌ «ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ ልጽፍ ስል እጄ እምቢ አለኝ። እስካሁን በስልክ የዋሸሁሽ ይበቃል።

«ሰልፉ እንዴት ነበር? መኪናዋን ሲያገኟት አለቀሱ?» ብለሽ በጠየቅሽኝ ቁጥር «አዎ፣ አለቀሱ» እያልኩ ወሬ ስቀይርብሽ ነበር። ማልቀሱንስ አልቅሰዋል። በስልክ እንዳልነግርሽ አባባ ከጎን ክፍል ናቸው፤ የስኳር ሕመሙ ዓይናቸውን ከጋረደው ወዲህ ጆሯቸው የዓይንንም ሥራ ደርቦ ይሠራል። ስለዚህ ተቀምጠሽ አንብቢው።

አባባ ማየት ካቆሙ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ቁርስ እንደቀመሱ፣ ግድግዳውን ይዘው ወደ ጓሮ ይሄዱ ነበር፤ መኪናቸው ወደቆመችበት። አያስነሷትም። ቢያስነሷትም እንደ አሮጌ አጫሽ ስትስል ነው የምትውለው። ከፊት መብራቷ ጀምረው በመዳፋቸው እየዳበሱ ይዞሯታል። የግራ ጎማዋ መሸፈኛ፣ የፓራፋንጎዋ ጎድጓዳ ጋ ሲደርሱ ይስቃሉ። ያ ጉድጓድ «ቀዩ» የሚሉት የመኪና እሽቅድምድም ተፎካካሪያቸው የተራራው ጥምዝ ላይ ገፍቶ ከግንብ ጋር ያላተማቸው ዕለት የተረፋቸው ነው። «አንተ ቀዩ፣ በሞት ብቻ ነው የቀደምከኝ» ይሉታል። ከዚያ በተሳፋሪው በር በኩል ይዞሩና፣ እጃቸውን የመስኮቱ ጠርዝ ላይ አድርገው ረጅም ጊዜ ይቆማሉ። እኔ ደክሟቸው ነበር የሚመስለኝ።

ያን ደጉን ዘመን እኔ በወሬ ነው የደረስኩበት፤ አንቺ ግን በዓይንሽ አይተሽዋል። አባባ «አይደረሴ» እየተባሉ በሬዲዮ ሲጠሩ፣ ነጭ የሐር ስካርፋቸው በነፋስ ሲውለበለብ። እማዬ ደግሞ በዘፋኝነቷ ዘመን ያ ድምጿ፣ ያ ጥቁር መነጽሯ፣ እስከ ክርኗ የሚደርሰው ነጭ ጓንቷ። ፎቶዋ ያልተለጠፈበት ጸጉር ቤት አልነበረም ይላሉ። ዋንጫ ልትሸልማቸው መድረክ ወጥታ፣ ዋንጫውን ሰጥታ፣ በዚያችው መኪና አብራቸው እብስ አለች፤ ጋዜጦቹም ለስንት ጊዜ ሌላ ወሬ አጡ። ያ ሁሉ አጨብጫቢ የት እንደገባ እንጃ። እማዬን የቀበርናት ዕለት ከቤተሰብ ሌላ ለመጣው ሰው አንድ ታክሲ ይበቃው ነበር። ለአባባ ከዚያ ሁሉ የቀረቻቸው መኪናዋ ብቻ ናት።

የጥንት መኪኖች ሰልፍ ሊደረግ ነው፣ በሕይወት ያሉት የድሮ ተወዳዳሪዎችም ይከበራሉ ሲባል እኔና አንቺ የዶለትነውን መቼም አትረሺውም። «የጓሮው ጣሪያ ያፈሳል፤ እስኪጠገን መኪናዋ ጋራዣችን ትቁም» ብዬ አታለልኳቸውና ወደ ሥራ ቦታዬ ወሰድኳት። አንቺ ካለሽበት አገር ኒኬላቸው የሚያብረቀርቅ የግጭት መከላከያና የበር እጀታዎች ፈልገሽ ላክሽ። ቀለሟንም ከድሮ መጽሔት ላይ አስለይተሽ ላክሽ። «እንከን እንዳይገኝባት አደራ» አልሽኝ። ለማን ነው የምትነግሪው? እኔ ባትላሜራ ነኝ፤ የተጨማደደ ቆርቆሮ ሳቃና ነው ያረጀሁት። ፓራፋንጎዋን አቃናሁ። በሮቿን በስቱኮ ሞልቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ፣ ዝንብ ብታርፍበት የሚያንሸራትት አደረግኳቸው። የጋራዣችን መካኒክ ሞተሯን ፈቶ ገጥሞ ያን ሳሏን አስለቀቃት። ተሠርታ የወጣች ዕለት የጋራዡ ሰው በሙሉ ሥራውን ጥሎ ከበባት። ምላሱ የማያርፈው ቀለም ቀቢያችን «ሚስቴ እንዲህ ብታምር ኖሮ መች ሥራ እመጣ ነበር!» አለ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

የሰልፉ ቀን አባባን ካፖርታቸውን አልብሰን፣ ስካርፋቸውን አስረን፣ እኔና ባለቤቴ ግራና ቀኝ ክንዳቸውን ይዘን ሄድን። በድምፅ ማጉያው «አይደረሴ መጡ!» ሲባል ሕዝቡ በጭብጨባ ተቀበላቸው። ጀርባቸው ቀና ሲል በእጄ ተሰማኝ። «አባባ፣ ማን እየጠበቀችዎት እንደሆነ እስቲ ይንኩ» አልኩና እጃቸውን መብራቷ ላይ አኖርኩት። ፈገግ አሉ። መዳፋቸው ወደ ፓራፋንጎው ሄዶ ቆመ፤ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ፈገግታቸው ጠፋ። እኛን ለቀው፣ መኪናዋን እየታከኩ ወደ ተሳፋሪው በር ዞሩና የመስኮቱን ጠርዝ በጣቶቻቸው ጫፍ ፈተሹ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ቀለሙን አሸተቱ። «ይህቺ የማን መኪና ናት?» አሉ።

«የእርስዎ ናት አባባ፣ አሳድሰናት ነው» አልኩ። ያምኑኝ መስሎኝ ሞተሯን አስነሳሁት። ያ ጤነኛ ድምፅ ሲወጣ ጭራሽ ወደ ኋላ ሸሹ። «ዓይኔን ባጣ እጄንም ያጣሁ መሰለህ? መኪናዬን ሸጠህ የሰው መኪና ታስዳብሰኛለህ?» አሉኝ። ድምፅ ማጉያው አጠገባችን ስለነበር ያ ሁሉ ሰው ሰማ። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ እኔን ገላመጠኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው እዚያው ቆመው እንደ ልጅ አለቀሱ፤ አልገባም አሉ። መኪናዋን ብቻዬን ነድቼ በሰልፉ አሳለፍኳት። የውበት ሽልማት ሰጧት፤ ከቁም ሳጥኑ ሥር ወሽቄዋለሁ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ የልባቸውን ለባለቤቴ ነገሯት። እማዬ አዲስ ዘፈን ስታጠና አባባ ከከተማ ያወጧት ነበር አሉ። ክንዷን በመስኮቱ አውጥታ፣ በሩን ከውጭ፣ ከመስኮቱ ጠርዝ ላይ፣ በቀለበቷ እየመታች ምቱን ትጠብቃለች። ቀለበቷ ያረፈበት ሁሉ ቆርቆሮው ላይ ሰሊጥ የሚያህል ጠባሳ ትቷል። አንድም ዘፈን መጀመሪያ እዚያ በር ላይ ሳይመታ መድረክ አልወጣም። «ድምፅዋን ረስቼዋለሁ» አሏት፤ «ጣቴን እዚያ ሳሳርፍ ግን ምቱ ይመጣልኝ ነበር።»

እህት ዓለም፣ እነዚያን ጠባሳዎች አይቻቸዋለሁ። ዝገት የበላው መስሎኝ፣ እየተራገምኩ፣ በማሽን ፈግፍጌ በስቱኮ የደፈንኳቸው እኔ ነኝ። ሊኳሉ ዓይን ማጥፋት ይሏል ይሄ ነው። አንቺም አታውቂም ነበር፤ ብታውቂ ኖሮ ትነግሪኝ ነበር። እሳቸውም ለማንም ተናግረውት አያውቁም፤ የራሳቸው ምሥጢር ነበር። ባለቤቴ ይህን በስልክ ስትነግረኝ ሥራ ቦታ ነበርኩ፤ መዶሻውን አስቀምጬ ከአንድ ሰው መኪና ሥር ገብቼ አለቀስኩ። ሰዎቹ ዘይት የምቀይር መስሏቸዋል።

ዝም ብዬ ግን አልተቀመጥኩም። የድሮ ፎቶ እያየሁ ፓራፋንጎዋን በዚያው ቦታ መልሼ ጎደጎድኳት። ያቃናሁትን ሳጣምም ለመጀመሪያ ጊዜዬ ነው፤ ከድጡ ወደ ማጡ። አባባን ለምኜ አመጣኋቸው። ዳበሱና «ይህን የመታው መዶሻ ነው፤ የእኔን የመታት ግንብ ነው» አሉ። ከፋብሪካ የተቀረጸባትን የሻንሲ ቁጥሯን አስዳበስኳቸው። «ቁጥር መቅረጽ ለባትላሜራ ምኑ ይከብደዋል?» አሉ። መካኒኩ መጥቶ በልጆቹ ማለላቸው፤ «ስንት ሰጠህ?» ብለው ጠየቁት። የቀለበቱን ነገር ልሞክረው እንኳ አልደፈርኩም። ቀለበቱ ከእማዬ ጋር አፈር ውስጥ ነው፤ ቢገኝስ ያን ምት ማን ያውቀዋል?

ከዚያ ወዲህ ጓሮ አይወጡም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይውላሉ። ምግብ ባለቤቴ ካላጎረሰቻቸው አይቀምሱም፤ እኔ ያቀረብኩትን ሽሮም ይሁን ውሃ እጃቸው አይነካውም። መጀመሪያ ይሰድቡኝ ነበር፣ እሱ ይሻለኝ ነበር። አሁን «እርስዎ» ይሉኛል፣ ልክ ቤት ሊገዛ እንደመጣ ሰው። «እርስዎ፣ በሩን ይዝጉልኝ።» ትንሿ ልጄ «አያቴ አባዬን ለምን ያከብሩታል?» ብላ ጠየቀችን። ሐኪሙ ደግሞ ልባቸው በጣም ደክሟል፣ ለሩቅ ዘመድ ማሳወቅ ካለባችሁ አሳውቁ አለኝ። እያሳወቅኩሽ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ትናንት አባባ ባለቤቴን ጠርተው «ለልጄ ጻፊልኝ» አሏት። «መኪናዬ ስትሸጥ ታውቅ እንደነበር ጠይቂያት። እውነቱን ትንገረኝ። እሷም ካወቀች፣ እኔ ልጅ አልወለድኩም ማለት ነው።» ቃላቸው ይኸው ነው፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። መልስሽን የምታነብላቸው ባለቤቴ ናት። ጥርጣሬያቸው ግን ወደ አንቺም መዞር ጀምሯል፤ ያን አዲስ እጀታ ዳብሰው «ይህ ከሩቅ የመጣ ዕቃ ነው» ብለዋታል።

ስለዚህ እለምንሻለሁ። ስለ መከላከያው፣ ስለ እጀታው፣ ስለ ቀለሙ አንዲት ቃል እንዳትጽፊ። «አላውቅም ነበር አባባ። ወንድሜ ሳያማክረኝ ሸጧታል። እኔ በሰው በሰው እያፈላለግኳት ነው» በያቸው። አውቅሻለሁ፣ «በወንድሜ ላይ አልዋሽም» ትያለሽ፤ እውነቱን ብናስረዳቸው ይገባቸዋል ትያለሽ። ሞክሬዋለሁ እኮ፤ እውነቱን በነገርኳቸው ቁጥር ሌባነቴ ይብስባቸዋል። የእኔ ነገር አልቋል፤ ምንም አያጥበውም። አንቺን ግን ዛሬም «ልጄ» ይሉሻል። ስደቢኝ፣ ርገሚኝ፣ ጨክነሽ ጻፊው፤ አባባ አንድ ልጅ ኖሯቸው ይሙቱ።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ የላከልኝ ጃኬት ልክ ሆኖኛል። ትልቁን ልጅሽን ትምህርቱን እንዲበረታ፣ ታናሺቱን ደግሞ አጎቷ በሥዕሏ እንደተደሰተ ንገሪልኝ። አማትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ባለቤቴ እቅፍ አድርጋ ትስምሻለች። ትንሿ ልጄ የወለቀ ጥርሷን ልላክላት ብላ አስቸግራኛለች፤ ይህን ያህል ናፍቃሻለች። ከአባባም ሰላምታ አለሽ፤ «ሁለቱንም ጉንጯን» ብለዋል፣ ለባለቤቴ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከአባባ ቤት፣ ኅዳር ፲፪ ቀን